ከአሮጌ ላዳ ሎተስ ሰቨን መሰል ስፖርት መኪና በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሠሪዎች

በግቢ ውስጥ የድሮ ስፖርት መኪና አምሳያ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ከሁሉም የሚቀርበው ሎተስ ሰቨን ነው። እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ይህ ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ከመጀመሪያውም ገዢው እቤቱ እንዲገጣጥመው ተበትኖ ይሸጥ ነበር፤ ይህም በተገጣጠመ መኪና ላይ ከሚጣለው ግብር ያድን ነበር። ሻንሲው ከቀጫጭን ቱቦ የተበየደ፣ ጎኑ ጠፍጣፋ አሉሚኒየም ነው። ክብ ክብ ያለ የፖርሽ ቦዲ ሞልድና ብዙ ፋይበር ግላስ ይጠይቃል። ሰቨን የሚጠይቀው ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ)፣ ቆርቆሮ የሚያጥፍ ሰውና ጥንቃቄ ነው።

ዕቃ የሚወጣለት መኪና

ላዳ ይምረጡ። የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው በቁመት የተቀመጡ ናቸው፤ የፊት እግሩ ከላይና ከታች ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ክንድ) አለው። ሰቨን የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ዲኤክስም (የድሮው ቶዮታ ኮሮላ) የኋላ ጎማ ነጂ ቢሆንም የፊት አሞርዛተሩ ከእግሩ ጋር አንድ ስለሆነ ዝቅ ባለው አፍንጫ ሥር አይገባም። ደግሞም ደህና ዲኤክስ እንጀራ የሚያበላ መኪና ነው፤ ለዚህ ሲባል መቆረጥ የለበትም።

ቦዲው የበሰበሰ ወይም የተጋጨ፣ ሞተሩ ግን የሚነሳ ላዳ ይፈልጉ። ሊብሬ ከሌለው አይግዙት። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ግራይንደር ከማንሳትዎ በፊትም ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ስለ ሻንሲ ለውጥ ይጠይቁ። ሠርተው ከጨረሱ በኋላ መጠየቅ መኪናውን ከግቢ እንዳይወጣ ሊያደርገው ይችላል።

ብረት ሲገዙ

ለሻንሲው 25 በ25 ሚሊሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ ያስፈልጋል። ባለ 6 ሜትሩ 8 ይበቃል፤ ለብክነት 9 ይግዙ። "ባለ 1.5" ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ 1.5 አይደለም። ጫፉን በካሊፐር ይለኩ፤ ካሊፐር ከሌለ ይመዝኑት። ትክክለኛው ባለ 6 ሜትር ቱቦላሬ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ከ5 ኪሎ ተኩል በታች ከሆነ ስስ ነው፣ ይመልሱት። ለብራቾና ለቀበቶ ማሰሪያ 4 ሚሊሜትር ላሜራ፣ ከጭንቅላት ኋላ ለሚቆመው መከላከያ ቅስት ደግሞ 45 ሚሊሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ቱቦ ይግዙ።

ሻንሲው

ሥራው ሁሉ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሻንሲው ከተጣመመ ጎማው አይስተካከልም፣ መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ በኋላም ሊስተካከል አይችልም።

1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ፣ 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ በጠንካራ የእንጨት እግር ላይ ያስቀምጡ። የደሴ ግቢ ተዳፋት ስለሚበዛው ወለሉን አይመኑ፤ ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ አራቱንም ጥግ እኩል ያድርጉ። መካከለኛውን መስመር በክር ይምቱ፣ ንድፉን በሙሉ መጠኑ ሰሌዳው ላይ ይሳሉ። በዋናው ሰቨን ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2 ሜትር ከ23 ሳንቲም ተኩል ነው። ስፋቱን ግን የሚወስነው የላዳው የኋላ አክሰል ነው፤ ጎማው ተገጥሞ በውስጥ በኩል ከቦዲው ቢያንስ 4 ሳንቲሜትር ይራቅ።

ቱቦላሬዎቹን ቆርጠው ንድፉ ላይ በእንጨት ቁራጭ ያጣብቁ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሁለት ነጥብ ብቻ ይበይዱ። መላው ሻንሲ በነጥብ ብየዳ ከቆመ በኋላ ከጥግ ጥግ በሰያፍ ይለኩ። ሁለቱ ልኮች ከ2 ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ ነጥቦቹን በግራይንደር ቆርጠው ያስተካክሉ። ሙሉ ብየዳው የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ 3 ሳንቲሜትር በአንድ ጎን፣ ቀጥሎ 3 ሳንቲሜትር በተቃራኒው ጥግ። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ብረቱን ወደ ራሱ ይስባል፤ አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ከሄዱ ሻንሲው እንደ ቀስት ይጎብጣል።

ኤሌክትሮዱ 6013፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር፣ ከ45 እስከ 60 አምፒር ይሁን። ባለ 2.5ቱ በዚህ ስስ ቱቦ ላይ ቀዳዳ ያወጣል። በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ጭጋግ ተከፍቶ የተቀመጠ ኤሌክትሮድን ያረጥበዋል፤ ምልክቱ መንጣጣትና ብየዳው ላይ የሚቀሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ናቸው። ሞቅ ባለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አንድ ሰዓት ያድርቁት፤ ሽፋኑ ግን መጥቆር የለበትም። መብራት ኃይል ሲያንስ ብየዳው ላይ ላዩን ተኝቶ ይቀራል፣ ከላይ ሲያዩት ግን ያምራል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ቁራጭ በይደው ሞርሳ ላይ አስረው በመዶሻ ይምቱ። ቱቦው ከተቀደደ ብየዳው ጥሩ ነው፤ ብየዳው ከተላቀቀ ያን ቀን ሌላ ሥራ ይሥሩ። የብራቾ፣ የመሪና የቀበቶ ማሰሪያዎችን ልምድ ላለው በያጅ ይስጡ፤ እነዚህ የሕይወት ጉዳይ ናቸው።

እግር፣ መሪ፣ አልቤሮ

የላዳውን ብራቾዎች አይቁረጡ፤ እንዳሉ ወስደው ጎሚኒና ቴስቲና (የብራቾው ጫፍ የኳስ መጋጠሚያ) ብቻ በአዲስ ይቀይሩ። የሞላው ጉዳይ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ላዳ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል፤ የእርስዎ መኪና ወደ 600 ኪሎ ነው። ስለዚህ በላዳው ሞላ መኪናው ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ይነጥራል። ያን ጊዜ ሞላውን መቁረጥ ይመጣል። የተቆረጠ ሞላ መኪናውን ዝቅ ቢያደርግም ጥቅልሉ ስለሚቀንስ ይበልጥ ይጠነክራል። የሚያስፈልገው ሽቦው የቀጠነ ሞላ ነው። የዘይት ማጠራቀሚያው ከመሬት ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይራቅ።

አልቤሮው (ከካምቢዮ ወደ ኋላ አክሰል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) ማጠር ስላለበት ቶርኖ ቤት ተወስዶ ይቆረጥ፣ ይበየድ፣ ሚዛኑም ይስተካከል። በእጅ የተበየደ አልቤሮ ፍጥነት ሲጨምር ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቸራውንም (የጫፉን መስቀለኛ መጋጠሚያ) ይበላል። በዙሪያው 40 በ5 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ቀለበት ይታሰር፤ በሰቨን አልቤሮው የሚሽከረከረው በነጂው ዳሌ አጠገብ ነው።

ፍሬን

ቧንቧዎቹና ጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ አዲስ ይሁኑ። ላዳ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚቀንስ፣ ከአክሰሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ መቆጣጠሪያ አለው። አላስፈላጊ መስሎ ብዙ ጊዜ ይጣላል። ኋላው የቀለለ መኪና ያለ እሱ ፍሬን ሲያዝ መጀመሪያ የኋላ ጎማው ይቆልፋል፣ መኪናውም ይዞራል። ይግጠሙት፤ ዘንጉንም በአዲሱ ከፍታ ያስተካክሉ።

ከፍታ

ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ወደ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶሩ በፋብሪካ ልኩ ከተተወ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። ዋናውን ጂግለር (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ቡሎን) ከ5 እስከ 10 ቁጥር ዝቅ አድርገው ካንዴላውን ያንብቡ፤ ቡና ዓይነት ግራጫ ሲሆን ልክ ነው። ውሃም እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ መሆን አለበት። አፍንጫው ዝቅተኛ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ፋን ይግጠሙ።

ቦዲ

1.2 ሚሊሜትር አሉሚኒየም፣ 4 ሚሊሜትር ሪቬት በየ5 ሳንቲሜትሩ። አሉሚኒየሙ ባዶ ብረት ከነካና እርጥበት ካገኘ ይበላል፤ ሻንሲው አንቲረስትና ቀለም ከተቀባ በኋላ በመካከላቸው ሲሊኮን ይግባ። አፍንጫውና የጭቃ መከላከያዎቹ ከፋይበር ግላስ ይሠራሉ፦ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሆነ ምንጣፍ ሦስት ድርብ፣ የምንጣፉን ሁለት እጥፍ ተኩል የሚመዝን ሬዚን፣ ከ1 እስከ 2 በመቶ ማድረቂያ። ከ15 ዲግሪ በታች ሬዚኑ በደንብ አይደርቅም፣ ለወራት እንደተጣበቀ ይቀራል። የደሴ ሰው ይህን በበጋ ቀትር ላይ ይሥራው ወይም ኮምቦልቻ ወርዶ ይሥራው።

የመጀመሪያው ጉዞ

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ለመጀመሪያ ቀን አይምረጡት። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ በዝግታ ይንዱ፣ ፍሬኑን በ20፣ በ40፣ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይፈትሹ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የብራቾ፣ የመሪና የአክሰል ቡሎኖችን ሁሉ መልሰው ያጥብቁ፤ አዲስ ጎሚኒ ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ይላላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዘው። ታች ደርሰው ሲቆሙ እጅዎን ወደ አራቱም ቸርኬዎች ያስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚጋረፍ ከሆነ ያ ፍሬን አልለቀቀም፤ ፒስተኑና የፍሬን ሸራው ሳይታዩ ወደ ላይ አይመለሱ።