ወፎች ሲበዙና ሲሳሱ የጥንድ አያያዛቸው እንዴት ይለወጣል? በጎጃም ለሚከታተል ሰው

ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ሲያድግ፣ በባሕር ዳር ከጣና ጠርዝ በበቀሉ ዛፎች ላይ ፊቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ የሆነው ቢጫ ጎጆ ሸማኔ ወፍ ጎጆውን ከሣር ሸምኖ ያንጠለጥላል፤ በአንድ ዛፍ ላይ ብዙ ወንዶች ተጠጋግተው ይሰፍራሉ። ወደ ደጋው ሲወጡ ደግሞ ዓይኑ ቢጫ የሆነው ዘመዱ ከአጥር ጥግ ወይም ከጓሮ ዛፍ ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ተነጥሎ ይኖራል። የሐይቁ ዳርቻ ወንድ በአንድ ወቅት ከአንድ በላይ ሴት ሲያስገባ የደጋው በአንዲቱ ይወሰናል። ይህን ያየ ሰው ልዩነቱን ያመጣው መጠጋጋቱ ነው ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል፤ ሆኖም ዝርያቸውም ምግባቸውም የተለያየ ነው። የወፎች ጠባይ ተመራማሪው ጆን ክሩክ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት፣ ከጎጆ ሸማኔ ወፎች መካከል በደን ውስጥ ነፍሳት የሚለቅሙት ተበታትነው በጥንድ እንደሚኖሩ፣ በሜዳ ዘር የሚለቅሙት ግን ተሰብስበው እንደሚራቡና ብዙዎቹም ወንዶች ከአንድ በላይ ሴት እንደሚይዙ አሳይቷል። ምግቡ አሰፋፈሩንም ጥንድ አያያዙንም አንድ ላይ ስለሚወስን፣ የመጠጋጋትን ድርሻ ለብቻው ማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ዝርያ ብቻ ይዞ፣ በብዛት የሰፈረበትን ዛፍ ጥቂት ከሰፈሩበት ዛፍ ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል።

ስለዚህ በዚያው በሐይቁ ዳር፣ ከውኃውና ከእርሻው ርቀታቸው የሚቀራረብ ሁለት ዛፎችን ይምረጡ፤ አንዱ ወፍ የሞላበት፣ ሌላው ጥቂት ወንዶች ብቻ ያሉበት ይሁን። ሲቆጥሩ ጎጆ አይቁጠሩ። አንድ ወንድ ብዙ ጎጆ ስለሚሠራ፣ ከተሠሩትም ብዙዎቹ ባዶ ስለሚቀሩ የጎጆው ቁጥር ያሳስታል፤ መቆጠር ያለበት የራሱን ቅርንጫፍ ይዞ ሌላውን የሚያባርር ወንድ ነው። ተነጣጥለው የሚኖሩ ዘማሪ ወፎችን ለሚከታተል ደግሞ የአገራችን ገበሬ የሚለካበት ቃዳ ጥሩ መለኪያ ነው፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ስለሚሆን ቁጥሩን ወደ ሄክታር መለወጥ አያስቸግርም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከዛፉ ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ባይኖኩላር ካለ ይበጃል፣ ከሌለም ሰዓትና ደብተር ይበቃል። አንድ ወንድ መርጠው ለሃያ ደቂቃ ከእሱ ዓይንዎን አይንቀሉ። ሴት ስትቀርብ ከጎጆው አፍ ሥር ተዘቅዝቆ ይንጠለጠልና ክንፉን እያራገበ ይጮኻል። እሷ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ሽመናውን በመንቆሯ እየሳበች ትፈትሻለች፣ ካልጣማት ትወጣለች። ሣሩ ደርቆ ቡናማ የሆነ ጎጆ ተፈላጊነቱ ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ራሱ አፍርሶ በእርጥብ ሣር እንደገና ሲጀምር ማየት የተለመደ ነው። (እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው ይህን ማፍረሱን ነው፤ የስንት ቀን ድካም በጥቂት ጊዜ መሬት ላይ ይወድቃል።) ስንት ጊዜ ክንፉን እንዳራገበ፣ ስንት ሴት እንደገባች፣ ስንቷ ተመልሳ ግጫ ይዛ ውስጡን ማልበስ እንደጀመረች፣ ከጎረቤት ጋር ስንት ጊዜ እንደተጣላና ሣር እንደተሰረቀበት በየተራ ይመዝግቡ። ተመራማሪዎቹ ኒኮላስ እና ኤልሲ ኮላያስ እ.ኤ.አ. በ1969 በዚሁ ዓይኑ ቀይ በሆነው ዝርያ ላይ ባወጡት ጥናት፣ ብዙ ወንዶች የያዙት ትልቅ ሰፈር ለአንድ ወንድ ሲካፈል ከትንሹ ይልቅ ብዙ ሴት እንደሚስብ አሳይተዋል። የእርስዎም ደብተር ይህን ሊያሳይ ይችላል፤ ትርፉን ግን ከጠቡና ከስርቆቱ ጋር አብረው ይመዝኑት።

መጠጋጋት ሁልጊዜ ብዙ ሴት መያዝን አያስከትልም። ገበሬው የሚረግመው ግሪሳ እጅግ ብዙ ጎጆ በአንድ ቦታ አጨናንቆ እየሠራ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚራቡ፣ በአብዛኛው አንድ ለአንድ ይጣመራል።

ይዞታ በሚያስከብሩ ወፎች ዘንድ መብዛት የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ ሳይራባ ይቀራል። ተመራማሪው ጆን ክሬብስ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ አጠገብ ባለው የዋይተም ደን ግሬት ቲት የተባሉትን ትናንሽ ወፎች ከይዞታቸው ሲያነሣ፣ ከደኑ ውጭ በቁጥቋጦ አጥር ይኖሩ የነበሩ ሌሎች ወዲያው መጥተው ቦታውን ይዘዋል። ስለዚህ በቃዳው ውስጥ የሚዘምሩትን ብቻ የቆጠረ ሰው ቦታ ያጡትን ዘሏቸዋል፤ ዝም ብለው ከዳር ዳር የሚሉትን በተለየ ዓምድ ማስፈር ያስፈልጋል።

በደብተሩ ላይ «ጥንድ» እንጂ «አባት» ተብሎ አይጻፍ። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተደረገው የዲኤንኤ ምርመራ፣ በብዙ ዘማሪ ወፎች ዘንድ ከጫጩቶቹ አንዳንዶቹ ጎጆውን የሚጠብቀው ወንድ ልጆች እንዳልሆኑ አረጋግጧል፤ ይህን በዓይን መለየት አይቻልም።

ቆጠራው በየሳምንቱ ይደገም። በሐምሌ ጥቂት ወንዶች የነበሩበት ዛፍ ለእንቁጣጣሽ ሊሞላ ስለሚችል፣ የአንድን ቀን ጠባይ ከዚያው ቀን ቁጥር ጋር እንጂ ከወቅቱ አማካይ ጋር አያገናኙት።