ቱርቦ የሚገድሉ የዘይት ስህተቶች

ይህን የምጽፈው በተለይ የቆየ ዲፎርዲ፣ ማለትም የቶዮታ ናፍጣ ሞተር፣ ለያዛችሁ ነው። 1ኬዲ ወይም 2ኬዲ ሞተር ያላቸው ሃይሉክስ፣ ፕራዶ፣ ፎርቹነር። እ.ኤ.አ. በ2015 የጂዲ ሞተር መጥቶ ሳይተካቸው በፊት የተሠሩት ማለቴ ነው። የጋራዥ ዋጋ እየመረረው በገዛ ግቢው ቁልፍ የሚያነሳ ሰው በዝቷል። ይህ ደስ ይለኛል። ዘይት መቀየር ማንም ቢያሳዩት የሚችለው ሥራ ነው። ግን ያው ጥፋት ተደጋግሞ እየተጎተተ ይመጣል። አንዱማ ደሜን ያፈላዋል፤ ከእሱ ልጀምር።

ምክንያቱን ሳይፈልጉ ቱርቦ መቀየር

«ጋሼ፣ ቱርቦው ሞቷል። ሌላ ገዝቻለሁ፤ አስራለሁ፤ የሚያስቸግር ነገር አለው?»

አለው! መጀመሪያ ለምን ሞተ? ይህን ስጠይቅ አብዛኛው ሰው «አርጅቶ ነዋ» ይለኛል። ቱርቦ እንዲሁ በዕድሜው ብቻ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። ቱርቦ በጭሱ ኃይል እየዞረ ለሞተሩ አየር የሚያምቅ ነው፤ መሃሉ ያለው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ያንን ሁሉ ዙር የሚሸከመው በዘንጉና በኩሽኔታው መካከል ያለ ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ ለጥቂት ሰከንድ ከቀረ ብረት ብረትን ይበላል። ስለዚህ የሞተ ቱርቦ ስታዩ መጠየቅ ያለባችሁ «ዘይቱ ለምን አልደረሰውም?» ብላችሁ ነው።

በኬዲ ሞተሮች ላይ መልሱ ብዙ ጊዜ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ኖዝል ስር ነው። እያንዳንዱ ኖዝል የሚቀመጠው በትንሽ ዋሸር ላይ ነው። ዋሸሩ ሲደክም ከሲሊንደሩ የተቃጠለ ጋዝ እያመለጠ ወደ ቫልቭ ክዳኑ ውስጥ ይገባል። ጥቀርሻው ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልና እንደ ሬንጅ ይጓጉላል። ከዚያ ወደ ታች ይወርድና የዘይት ፖምፓው የሚስብበትን ወንፊት ይደፍናል። ፖምፓው የሚስበው ሲያጣ ቀድሞ የሚጎዳው ቱርቦው ነው። ቀጥሎ የክራንክ ኩሽኔታ ይከተላል፤ ያኔ ወሬው ስለ ቱርቦ ዋጋ መሆኑ ይቀርና ስለ ሙሉ ሞተር ይሆናል።

አንድ ደንበኛ ቱርቦ ቀየረ። ወር ሳይሞላው ጮኸ። ሻጩን ተጣልቶ ሌላ አመጣ፤ እሱም ጮኸ። መኪናውን ይዞልን ሲመጣ የታችኛውን የዘይት መያዣ አወረድነው። ወንፊቱ ላይ አንድም ክፍት ቀዳዳ አይታይም፤ ጥቁር ለጥፎበታል። ሁለት ጤነኛ ቱርቦ የበላው ዋጋው ከእነሱ ጋር የማይወዳደር አራት ዋሸር ነበር።

ይህን ቤታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ስታስነሱት የተለየ ማንኳኳት ካለው ጠርጥሩ። የኖዝሎቹ ዙሪያ ጥቁር ቅርፊት ካበጀም እንዲሁ። ዘይት ስትቀይሩ ደግሞ ከስልክ ጋር የምትያያዘውን ቀጭን ካሜራ ዘይቱ በሚፈስበት በታችኛው ብሎን ቀዳዳ አስገብታችሁ ወንፊቱን ተመልከቱ። ከቆሸሸ መያዣውን አውርዶ ማጽዳት ነው፤ ሌላ አቋራጭ የለውም። ዋሸሮቹን አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ መቀመጫቸውን በደንብ አጽዱ። የወጣውን ዋሸር ገልብጦ የሚመልስ ሰው አይቻለሁ። እባካችሁ።

ዘይት ያንጠባጠበ ቱርቦ ሁሉ ሞቷል ማለት

ቱርቦ ዘይቱን የሚያግደው በጎማ አይደለም። በቀጫጭን የብረት ቀለበቶችና በግፊት ልዩነት ነው። ዘይት የሚመልሰው ቱቦ ከተደፈነ ወይም ከታጠፈ፣ ዘይቱ መውጫ ሲያጣ በጎን ይወጣል። የሞተሩ መተንፈሻ ሲደፈንም፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያለቀ ሞተር ውስጥ ግፊት ሲበዛም ያው ነው። መመለሻ ቱቦውን ፈታችሁ ሳታዩ ቱርቦ አትግዙ።

ዘንጉን በጣት ነቅንቆ «ይኸው ይላወሳል» የሚልም አለ። በጎን ትንሽ መላወስ ተፈጥሮው ነው፤ ዘይት ሲገባ ያንን ክፍተት ይሞላዋል። ችግር የሚሆነው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ ወይም ክንፉ ግድግዳውን ሲነካ ነው።

ሞተር በናፍጣ ማጠብ

አሮጌውን ዘይት አፍስሶ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ መሙላት፣ ጥቂት አስነስቶ ማፍሰስ። «አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት» ይሉኛል። የአባትህ መኪና ቱርቦ አልነበረውም፣ ወንድሜ። ናፍጣ ያንን የዘይት ሽፋን ያቀጥነዋል፤ ቱርቦው ደግሞ ሞተሩ ስራ ፈትቶ ሲዞርም ይሽከረከራል። ይባስ ብሎ ለዓመታት የተጋገረው ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ተላቆ ወንፊቱ ላይ ይከመራል። የቆሸሸ ሞተር የሚጸዳው በጥሩ ዘይትና ቶሎ ቶሎ በመቀየር ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የምትቀይሩ ከሆነ ለጥቂት ጊዜ በየ2,000ው አድርጉት። ዘይቱ ራሱ ማጽጃ አለበት።

በነገራችን ላይ አዲሱ ዘይት በማግስቱ ጠቆረ ብላችሁ አትደንግጡ። የናፍጣ ሞተር ነው፤ ይጠቁራል። በጣታችሁ ስታሹት ከጎረበጣችሁ ወይም ከጓጎለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በየቦታው ሲሊኮን መቀባት

የታችኛው የዘይት መያዣ በሲሊኮን ነው የሚታሸገው። ስስ አድርጎ መቀባት ተገቢ ነው። የቱርቦው ዘይት ማስገቢያና መመለሻ ላይ ግን ፈጽሞ! ስትጠብቁት ትርፉ ወደ ውስጥ ይወጣል፤ ይደርቃል፤ ተቆርሶ ያቺን ጠባብ የዘይት መንገድ ይዘጋል። ለዚያ የተሠራ የራሱ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አለ፤ ርካሽ ነው።

አዲስ ቱርቦ በደረቁ ማስነሳት

ከመታሰሩ በፊት በማስገቢያው ቀዳዳ ንጹሕ ዘይት ጨምራችሁ ዘንጉን በእጅ አዙሩት። ካሰራችሁት በኋላ የኖዝሎቹን ሶኬት ነቅላችሁ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ብቻ አዙሩ። ሞተሪኖው እንዳይቃጠል በመሃል አሳርፉት። ከዚያ ሶኬቱን መልሳችሁ አስነሱ፤ ነዳጅ ሳትሰጡ ለጥቂት ደቂቃ ተዉት። አሮጌው ቱርቦ ዘይት ተፍቶ ከነበረ ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር ሳታወርዱና ውስጡን ሳታጸዱ አታስነሱ። ለምን እንደሆነ ከታች ታያላችሁ።

ጥቃቅን የሚመስሉት

አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሳታዩ አዲሱን ከላዩ ካሰራችሁ ዘይቱ በሙሉ መሬት ነው።

የታችኛውን ብሎን በረጅም ቁልፍ አትታገሉት፤ ጥርሱ ከተበላ ወጪው ሌላ ነው። ዋሸሩን ቀይሩ።

ዘይት የምትለኩት ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ነው። ሳይጨመር ከፍ ካለ ደስ አይበላችሁ፤ ናፍጣ እየገባበት ነው። ቡና በወተት መስሎ ከነጣ ደግሞ ውሃ ነው።

ለጭስ መድኃኒት ተብሎ የሚሸጠው የዘይት ማወፈሪያ ጭሱን የሚደብቀው መኪናው እስኪሸጥ ድረስ ነው።

በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ። ድጋፍ አስገቡ፤ ጎማው ላይ ድንጋይ አድርጉ። ይህን አልከራከርበትም።

«ትንሽ ቢጨመር ምን አለበት?»

እነዚህ ሞተሮች ከነፊልትሯቸው 7 ሊትር ገደማ ይወስዳሉ። ጀማሪ ሁለት የ4 ሊትር ጀሪካን ይገዛና የተረፈችው እንዳትባክን ሁሉንም ያንቆረቁረዋል። ትርፉ በመተንፈሻው አድርጎ ወደ አየር ማስገቢያው ይሄዳል። የናፍጣ ሞተር ዘይትንም እንደ ነዳጅ ያቃጥላል። ኢንተርኩለር ውስጥ የተኛ ዘይትም እንዲሁ ነው።

ከዚያ የሚሆነውን አንዴ ያየ አይረሳውም። ሞተሩ ማንም ሳይነካው ዙሩ ይጨምራል፤ ግቢው በጭስ ይሞላል፤ ቁልፉን ታጠፋላችሁ፣ አይጠፋም። የራሱን ዘይት እየጠጣ ነው የሚሮጠው። ያለው መፍትሔ አየሩን መከልከል ነው፤ የአየር ማስገቢያውን አፍ በጠፍጣፋ ጣውላ መድፈን። እጅም ጨርቅም አይሆንም፤ ይስበዋል። በእጅ የሚቀየር ማርሽ ካለው ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ረግጦ፣ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው። ሁለቱም ካልተቻለ ራቁ። ሞተር ይገዛል።

ዓባይን ወጥቶ ወዲያው ማጥፋት

ከድልድዩ እስከ ደጀን ወይም እስከ ጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ቱርቦው መንገዱን ሙሉ ሲጮህ ነው የወጣው። ሾፌሩ አፋፉ ላይ ሻይ ቤት ሲያይ መኪናውን ጥግ አስይዞ ጭጭ ያደርገዋል። ዘይቱ መዞር ያቆማል። ቱርቦው ግን በጣም እንደጋለ ነው፤ ውስጡ የቀረው ዘይት እዚያው ይቃጠልና ከሰል ይሆናል። ይህ ተደጋግሞ ነው የዘይት መንገዱ የሚጠብበው። ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ስራ ፈትቶ ይዙር፤ ሻዩ እስኪታዘዝ ማለት ነው። ከተማ ውስጥ በቀስታ ነድታችሁ ከገባችሁ ግን አያስፈልግም።

«ሰንሰሩ ነው» ብሎ መንዳት

ቀዩ የዘይት መብራት በርቶ የነዳ ሁሉ ይህን ብሎ ነው የነዳው። አንዳንዴ እውነትም ሰንሰሩ ይሆናል። ግን እያሽከረከሩ አይጣራም። ወዲያው አጥፉ፤ የዘይቱን መጠን እዩ። ልኩ ደህና ከሆነ ሰንሰሩን ፈትታችሁ በቦታው የግፊት መለኪያ እሰሩና አስነሱ። ቀስቱ ከተነሳ ሰንሰሩን ቀይሩ። ካልተነሳ ወዲያው አጥፉት፤ መኪናው ከዚያ የሚወጣው ተጎትቶ ነው።