ሁለት የስፖርት መኪኖችን ሰጥተው አንድ ብርቅ ሞዴል ከመውሰድዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥራዬ ሰዎች ሊገዟቸው ያሰቧቸውን መኪኖች አስቀድሞ መመርመር ነው። ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች መካከል አንዱ ሳይሰለች ይደጋገማል፦ ጠያቂው ሁለት ደህና የስፖርት መኪኖች አሉት፤ ሁለቱንም አስረክቦ በጥቂት ቁጥር ብቻ የተመረተ አንድ ሞዴል መውሰድ አምሮታል፤ ይለውጥ ወይስ ይተው እንደሆነ ምክሬን ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኞቹ ወደ እኔ የሚመጡት ልባቸው ከወሰነ በኋላ ስለሆነ የሚፈልጉት ምክር ሳይሆን ምርቃት ነው። ከዚህ በታች የጠቀስኳቸው ስህተቶች በእነዚህ ሰዎች ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ናቸው፤ አንዱን ግን ራሴ ፈጽሜዋለሁ።

የተመረተውን ቁጥር እንደ ዋጋ መቁጠር

«በዓለም ላይ ያለው ይህን ያህል ብቻ ነው» ሲባል የሰማ ገዢ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር መስማት ያቆማል፤ ከሁሉ የሚያናድደኝም ይህ ነው። የጃጓር ኤክስጄ220 ምርት 300 አልሞላም፤ የፌራሪ ኤፍ40 ደግሞ ከ1,300 አልፏል። ነገሩ በቁጥር ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጃጓሩ ፌራሪውን በዋጋ ጥሎት በሄደ ነበር፤ ገበያው ግን ለብዙ ዓመታት ሲፈርድ የኖረው በተቃራኒው ነው። ጃጓር እ.ኤ.አ. በ1988 ለሕዝብ ያሳየው መኪና ባለ 12 ሲሊንደርና በአራቱም ጎማዎቹ የሚነዳ ነበር፤ በ1992 ማስረከብ የጀመረው ግን ባለ 6 ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ተርቦና በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዳ ሆኖ ተገኘ። በዚህ መካከል የውድ መኪኖች ገበያ ወድቆ ስለነበር፣ ቀብድ ከከፈሉት ውስጥ ከውሉ ለመውጣት እስከ ፍርድ ቤት የሄዱ ነበሩ። ኤፍ40 በበኩሉ የፋብሪካው መሥራች ኤንዞ ፌራሪ በሕይወት ሳለ ለሕዝብ ያቀረበው የመጨረሻ መኪና በመሆኑ ፈላጊ አጥቶ አያውቅም። ጥቂት ሆኖ መመረት ዋጋ የሚኖረው ፈላጊው ከተመረተው ሲበልጥ ነው፤ ፈላጊ ያጣ ብርቅ መኪና ግን ባለቤቱ ሊሸጠው በፈለገ ጊዜ ወራት ያስጠብቀዋል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ፋብሪካዎች ሆን ብለው የሚፈጥሩት ብርቅነት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ትለጠፋለች፣ ወንበሩ በሌላ ቀለም ክር ይሰፋል፣ ጎኑ ላይ ሰንበር ይሰመራል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው «ልዩ እትም» ይባላል። ኮፈኑ ተከፍቶ ሲታይ ግን ከተራው ወንድሙ የሚለየው ነገር የለም። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሼ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ መኪና በሞተሩ፣ በክብደቱ ወይም በካምቢዮው ከተራው ሞዴል በምን ይለያል? ቢኤምደብሊው ኤም3 ሲኤስኤል ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። የተመረተው 1,383 ብቻ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ አዋቂዎች የሚፈልጉት ጣሪያው በካርቦን ፋይበር ስለተሠራና ከተራው ኤም3 በ110 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚቀል ነው።

መልሱ አጥጋቢ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ ፋብሪካው ያንኑ ነገር ነገ መልሶ ሊያመርተው ይችላል? ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው 911 አር ባለ 500 የፈረስ ጉልበት ሞተሩን ከማኑዋል ካምቢዮ ጋር ያጣመረ ነበር፤ በወቅቱ የነበረው ሌላው የ911 ዓይነት፣ ጂቲ3፣ በማኑዋል ስለማይሸጥ፣ የተመረቱትን 991 መኪኖች ለማግኘት ሰዎች ከፋብሪካው ዋጋ እጅግ ያለፈ ገንዘብ ከፈሉ። በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ ጂቲ3 ማኑዋል ካምቢዮ ይዞ መጣ፤ ትልቁ የኋላ ክንፍ የሌለው ቱሪንግም ተከተለው። የ911 አር ዋጋ ወረደ። ቁጥሩ ያኔም ያው 991 ነበር።

ሁለቱ መኪኖች ሁለት ሥራ እንደሚሠሩ መርሳት

ራሴ የፈጸምኩት ስህተት ይህ ነው። ሎተስ ኤሊዝና ቢኤምደብሊው ኤም3 ነበሩኝ፤ ሎተሱን በጠመዝማዛ መንገድ ብቻዬን እነዳዋለሁ፣ ቢኤምደብሊው ደግሞ ሰውም ሻንጣም ይጭናል፣ ዝናብ አይፈራም፣ አንዱ ጋራዥ ሲገባ ሌላው ይተካል። ሁለቱንም ሰጥቼና ገንዘብ ጨምሬ 996 በሚል መለያ የሚታወቀው ትውልድ የሆነውን፣ 682 ብቻ የተመረተውን ፖርሽ 911 ጂቲ3 አርኤስ ወሰድኩ።

በመኪናው ላይ የማወጣው እንከን የለም። ክብደት ለመቀነስ ሲባል የኋላ መስኮቱ በመስታወት ፈንታ ከፖሊካርቦኔት የተሠራ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ስጠርግ ክብ ክብ ጭረት አወጣሁበት፣ በዚያች ቀን የገባብኝ ፍርሃትም አብሮኝ ኖረ። ከዐይኔ በራቀ ቦታ ማቆም ተውኩ፣ ጠጠር በበዛበት መንገድ መሄድ ተውኩ፣ ደመና ባየሁ ቁጥር በሌላ መጓጓዣ መሄድ ጀመርኩ። ቁልፉን ካዞርኩ በኋላ መጀመሪያ የማየው የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ሆነ፤ የምሄድበት ቦታ በመኪናው ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጨምር አሰላና ብዙ ጊዜ ቁልፉን መልሼ እነቅላለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ 2,000 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላሁም። ጎማዎቹን የቀየርኩት ጥርሳቸው ገና ሳያልቅ ነው፤ የተመረቱበትን ሳምንትና ዓመት የሚያሳየውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ጎናቸው ላይ ሳነብ ሰባተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። የሎተሱን ጎማ የምቀይረው ግን ሁልጊዜ በአግባቡ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነበር።

ከዚህ የተማርኩትን ለደንበኞቼ እንዲህ አሠራቸዋለሁ፦ ባለፈው ዓመት እያንዳንዱ መኪና የት የት እንደሄደ በወረቀት ይጽፋሉ፤ ቀጥሎም ብርቁን ሞዴል በእርግጥ ይዘውት የሚወጡባቸውን ጉዞዎች ብቻ ምልክት ያደርጉባቸዋል። ምልክት ያላገኙት ጉዞዎች ከበዙ ለእነርሱ ሦስተኛ መኪና መግዛታቸው አይቀርምና ሒሳቡ ከመጀመሪያው ይፈርሳል።

ሞዴሉን ሳይነዱ መወሰን

ይህን መጻፍ ባያስፈልገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ኤም3 ሲኤስኤል በማኑዋል ካምቢዮ ተመርቶ እንደማያውቅ ውሉን ሊፈርም ብዕር ካነሣ በኋላ የሰማ ሰው አጋጥሞኛል።

ሒሳቡን በማይገናኙ ዋጋዎች መሥራት

ሰው የራሱን መኪኖች የሚተምነው ሌሎች ሻጮች በሚጠሩት ዋጋ ነው፤ የሚጠራ ዋጋ ግን የተሸጠበት ዋጋ አይደለም። ነጋዴው በአንጻሩ የእርስዎን ሁለት መኪኖች የሚተምነው ነገ አትርፎ ሊሸጣቸው በሚችልበት ልክ ስለሆነ፣ በአንድ ልውውጥ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያተርፋል፤ በሁለቱ በሚወስዳቸው መኪኖችና በሚሰጥዎ በአንዱ። ለእርስዎ መኪኖች ከፍ ያለ ዋጋ ቢሰጥዎም አይደሰቱ፤ የራሱንም በዚያው ልክ ከፍ አድርጎታልና ሊያዩት የሚገባው ከኪስዎ የሚወጣውን ልዩነት ብቻ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ለተጠቃሚ መሸጥ ጊዜ ቢፈጅም ብዙውን ጊዜ የተሻለ ያስገኛል፤ በብዛት የሚታወቅ መኪና ፈላጊው ብዙ ነው። ለማንኛውም መኪኖቹ ተሸጠው ገንዘቡ እጅዎ እስኪገባ ድረስ የማይመለስ ቀብድ አይክፈሉ።

ግብሩንም አስቀድመው ይጠይቁ፤ መኪና በመኪና መለወጥ በብዙ አገሮች እንደ ሽያጭ ይቆጠራል። በአሜሪካ እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ ለኢንቨስትመንት የተያዘን መኪና በሌላ በመለወጥ የትርፉን ግብር ማዘግየት ይቻል ነበር፤ ከ2018 ጀምሮ ግን ይህ መብት ለማይንቀሳቀስ ንብረት ብቻ ሆኗል። የድሮውን አሠራር ይዘው የሚመክሩ ሰዎች ግን እስካሁን አልጠፉም።

ወጪው በግማሽ ይቀንሳል ብሎ ማሰብ

አንድ መኪና፣ አንድ ኢንሹራንስ፣ አንድ ሰርቪስ የሚለው ስሌት በወረቀት ላይ ያምራል። ፌራሪ ኤፍ355 ቺንጋው ሲቀየር ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መውረድ አለበት፤ ቺንጋው ደግሞ መኪናው ባይነዳም በዕድሜው ይቀየራል። የኤክስጄ220 የነዳጅ ከረጢቶችም በየተወሰኑ ዓመታት መተካት አለባቸው፤ የፖርሽ ካሬራ ጂቲ የሴራሚክ ፍሪሲዮን በማያውቀው ሰው እግር ሥር ቶሎ ያልቃል። የተጋጨ ፓራውልት ቢኖርዎ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስመርረው መለዋወጫው እስኪገኝ መኪናው ቆሞ የሚከርምበት ጊዜ ነው።

ምርመራውን በሻጩ ቃል መተካት

ላሜራውን በቀለም ውፍረት መለኪያ ማየት፣ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ማስተያየት የማያከራክር ነው። በተለይ የ1973ቱ ፖርሽ ካሬራ አርኤስ 2.7 ሲቀርብልዎ በውበቱ አይታለሉ፤ የተመረተው 1,580 ቢሆንም ከተራ 911 ተለውጠው እርሱን እንዲመስሉ የተሠሩት ብዙ ናቸው።

ከሁሉ የምወደው ምርመራ ግን ብዙ ገዢዎች ፈጽሞ የማይጠይቁት ነው። የ997 ትውልድ የሆኑት ፖርሾች ሞተሩ ከልኩ በላይ የዞረባቸውን ጊዜያት በስድስት ደረጃዎች ከፍለው፣ ከሞተሩ ጠቅላላ የሥራ ሰዓት ጋር በኮምፒውተራቸው ይመዘግባሉ። ነጂው ማርሽ ለመጨመር ብሎ በስህተት ሲቀንስ ሞተሩ በጎማዎቹ ተገፍቶ ከልኩ ያልፋል፤ ይህም በከፍተኛዎቹ ደረጃዎች ላይ ይታያል። አንድ ጊዜ 21,000 ኪሎ ሜትር የሚያሳይ ጂቲ3 ቀረበልኝ፤ ሻጩ በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ፣ ያውም በፈጣን መንገድ እንደሚነዳው ነገረኝ። መመርመሪያውን ሰካሁና የሞተሩን ሰዓት አነበብኩ፦ 1,150። ኪሎ ሜትሩን ለሰዓቱ አካፍለን ብንመለከት አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ በፈጣን መንገድ ብቻ የተነዳ መኪና ደግሞ በብስክሌት ፍጥነት አይሄድም። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ወደ ሻጩ ገፋሁለት፤ ለረጅም ጊዜ ተመለከተውና መኪናውን ከሌላ ሰው ገና በቅርቡ እንደገዛው ተናገረ። ደንበኛዬ በዚያ ሳምንት ሁለት መኪኖቹን ለዚህ ሊያስረክብ ቀጠሮ ይዞ ነበር።

ሁለተኛውን ቁልፍ፣ የመፍቻ ቦርሳውንና የሰርቪስ ደብተሩንም በእጅዎ ይቀበሉ እንጂ «በኋላ እልክልዎታለሁ» የሚለውን አይመኑ።

ይህን ሁሉ ስል ልውውጡ ሁልጊዜ ያከስራል ማለቴ አይደለም። ከደንበኞቼ አንዱ ምክሬን በሙሉ አዳምጦ፣ የጉዞ ወረቀቱንም በትዕግሥት ሞልቶ፣ ሁለቱን መኪኖቹን ሰጥቶ ኤም3 ሲኤስኤሉን ወሰደ። ባለፈው ጊዜ ለሰርቪስ ሲያመጣው አፍንጫው በጠጠር ተበሳስቶ ነበር፤ የፊት ጎማዎቹም እስከ ምልክታቸው ድረስ ተበልተዋል። ቀለሙን ያስነካው እንደሆነ ስጠይቀው፣ መንገዱ ገና ብዙ ስለሆነ ለጊዜው ጎማው ብቻ ይቀየርልኝ አለ።