ከቤትዎ ጀርባ ያለውን ተዳፋት ለመሬት መንቀጥቀጥ እንዴት ያዘጋጃሉ?

ጅማ ከስምጥ ሸለቆው ውጪ ናት፤ ከመንቀጥቀጡ ግን አላመለጠችም። በታህሳስ 2003 ዓ.ም. በሆሳዕና አካባቢ የተነሳው ርዕደ መሬት እዚህ ድረስ ተሰምቷል። በከተማዋ ዙሪያ፣ በተለይ ወደ ጅሬን ሽቅብ ሲወጣ፣ ብዙ ቤት የቆመው ተዳፋት ተቆርጦ ነው። መንቀጥቀጥ በተነሳ ቁጥር ስለ ግድግዳና ጣሪያ እናወራለን፤ ከጀርባ ያለው አፈር ግን ይረሳል።

አፈር ተዳፋት ላይ የሚቆየው እርስ በርሱ ስለሚያያዝና ስለሚፋተግ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል ይጨመርበታል። ያጋደለ ሳንቃ ላይ ያለ የቡና ጆንያ ሳንቃው በተነቃነቀ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ ይወርዳል፤ አፈሩም እንዲሁ ነው። ውሃ የጠገበ አፈር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ በዚያች አጭር ጊዜ መውጫ ስለማያገኝ ቅንጣቶቹን ያላቅቃቸዋል፣ መፋተጉም ይቀንሳል። በየካቲት ተዳፋቱን ያልነካ መንቀጥቀጥ በነሐሴ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ውሃውን እላለሁ።

1. ዝናቡ ሳይገባ ይፈትሹ

ከላይ ይጀምሩ። ቀይ አፈራችን ሲደርቅም ስለሚሰነጠቅ ስንጥቅ ሁሉ አያስደንግጥዎ። የድርቀት ስንጥቅ በየአቅጣጫው ይሄዳል፣ ዝናብ ሲመጣ ይገጥማል። የሚያሰጋው በተዳፋቱ አናት አግድም የሚሄድ፣ ጫፍና ጫፉ ወደ ታች የታጠፈ፣ የታችኛው ወገኑ ከላይኛው ዝቅ ያለ ስንጥቅ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ካገኙ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ አንዳንድ ካስማ ይትከሉ። በየካስማው አናት ላይ ሚስማር ይምቱ። በሚስማሮቹ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ከነቀኑ ይጻፉ። በየሳምንቱና ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግመው ይለኩ። ቁጥሩ እያደገ ከሄደ መሬቱ እየሄደ ነው፤ ያኔ ለቀበሌ ያሳውቁ፣ መሐንዲስም ያሳዩ።

ከታች ደግሞ ያጋደለ አጥር ወይም ምሰሶ፣ ሆዱ የተገፋ ግንብ፣ ድሮ ያልነበረ ምንጭ ይፈልጉ። ቤት ውስጥ በድንገት አልዘጋ ያለ በርም ምልክት ሊሆን ይችላል።

2. ውሃውን ያስወጡ

የጣሪያ ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ በቱቦ እስከ መንገዱ ቦይ ይሂድ። ከተዳፋቱ በላይ ውሃ መቀልበሻ ቦይ ያስቆፍሩ፤ ግን ውሃ የሚያቁር ቦይ ከመኖሩ አለመኖሩ ይሻላል፣ ምክንያቱም ውሃውን ወደ ውስጥ ያሰርጋል። በድንጋይና በሲሚንቶ ቢለበጥ ጥሩ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ተዳፋቱ ጫፍ ላይ አይቆፈር። ስንጥቁንም በሸክላ አፈር ጠቅጥቀው ይድፈኑት፤ ካስማዎቹን ግን እንዳይነቅሏቸው።

3. ግንቡን ይዩ

ደጋፊ ግንብ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ከሌለው ከጀርባው የሚጠራቀመው ውሃ ራሱ ይገፋዋል። ቀዳዳዎቹ በጭቃ ተደፍነው ከሆነ ይጥረጉ። ረጅም ግንብ ያለ መሐንዲስ አይሠራ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አልመክርም። የተዳፋቱን እግር ለጋራዥ ወይም ለተጨማሪ ክፍል አይቁረጡ፣ አናቱም ላይ አፈርና ድንጋይ አይከምሩ።

ባዶውን አፈር በቬቲቨር ሣር አግድም በመስመር ያልብሱት። ሥሩ ጠልቆ የላይኛውን አፈር ይይዛል። ከሥሩ በታች የሚንሸራተተውን ጥልቅ መሬት ግን አያቆምም።

4. ሲንቀጠቀጥና ከዚያ በኋላ

መኝታዎን ከተዳፋቱ ራቅ ባለው ክፍል ያድርጉ። ውጭ ተዳፋት ሥር ሳሉ ከነቃነቀ ቁልቁል አይሩጡ፣ ወደ ጎን ይውጡ። ጋብ ሲል ካስማዎቹን ይለኩ፤ አፈር እየረገፈ ከሆነ ግን አይጠጉ።

ናዳ ከወረደ ሁለተኛው ይከተላል ብለው ያስቡ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰው የሞተው በዝናብ ምክንያት በወረደ ናዳ ነበር፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። ከመንቀጥቀጥ በኋላም ተከታይ ንቅናቄዎች ይመጣሉ። ስለዚህ ቁፋሮ ሲጀመር አንድ ሰው ከላይ ተዳፋቱን ብቻ ይይ፣ አፈር ሲንቀሳቀስ ይጩህ።

መንቀጥቀጡ ሳያወርደው የላላ ተዳፋት ከሳምንታት በኋላ በዝናብ ሊወርድ ይችላል። የዚያን ዓመት ክረምት እስኪያልፍ ልኬቱን አያቋርጡ፤ ከባድ ዝናብ ባለበት ሌሊት ደግሞ ቤተሰቡን ዘመድ ቤት ያሳድሩ።