ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት፦ በናፍጣ መኪና የጭስ ሴንሰር ፍተሻ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ኮዱን እንደ ፍርድ መቀበል። የመኪናውን የብልሽት ኮድ የሚያነበው ማሽን «ፒ2453» ሲል ብዙ ሰው የሚሰማው «የግፊት ሴንሰሩ ተቃጥሏል» ብሎ ነው። ኮዱ የሚለው ግን ከጥላሸት ማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት የሚያሳየው ቁጥር ከሚጠበቀው ውጭ ሆኗል ብቻ ነው። ጥፋቱ የሽቦ፣ የሶኬት፣ የቱቦ ወይም የማጣሪያው ሊሆን ይችላል።

ቱቦዎቹን ሳያዩ ማለፍ። በዚህ እኔም ተቀጥቻለሁ። አዲስ ሴንሰር አስገጠምኩ፤ በሦስተኛው ቀን የብልሽት መብራቱ ተመልሶ በራ። ለካ ከማጣሪያው ወደ ሴንሰሩ ከሚሄዱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዱ ከታች በኩል ተሰንጥቆ ኖሯል! ሙቀት ያደርቃቸዋል፣ ጥላሸት ይደፍናቸዋል። ሲነቅሏቸው የትኛው የት እንደነበር ምልክት ያድርጉ፤ ከተለዋወጡ ንባቡ ይገለበጣል። በኮምፕሬሰር የሚነፉ ከሆነ መጀመሪያ ከሴንሰሩ ይንቀሏቸው፤ ያ ግፊት ደህናውን ሴንሰር ይገድለዋል። ከዚያ ቱቦዎቹን መልሰው ገጥመው ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ፦ በማሽኑ ላይ የሚታየው የግፊት ንባብ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲረግጡ ከፍ፣ ሲለቁ ዝቅ ካለ ሴንሰሩን አይንኩት። ነዳጅ እየተረገጠም ከዜሮ ካልተነሣ ደግሞ፣ በተለይ መኪናውን ያገለገለ ከገዙት፣ የማጣሪያው ሆድ ወጥቶ ባዶ ቆርቆሮ ቀርቶ እንደሆነ ያስፈትሹ።

የሙቀት ሴንሰሮችን ሞተሩ ግሎ መፈተሽ። ጭሱ ትኩስ ሲሆን ሴንሰሮቹ እንደየቦታቸው የተለያየ ቁጥር ስለሚያሳዩ ማን እንደዋሸ አይታወቅም። ሌሊቱን የቆመ መኪና ላይ ግን ሁሉም ከአየሩ ሙቀት ጋር መቀራረብ አለባቸው። ጠዋት አንዱ ብቻ 400 ዲግሪ ካለ ነገሩ አለቀ። የዚያን ሶኬት ሲነቅሉት ቁጥሩ ወደ አንዱ ጫፍ ካልዘለለ ችግሩን ከሴንሰሩ ሳይሆን ከሽቦው ይፈልጉ።

በጭሱ ውስጥ ያለውን ጎጂ ጋዝ የሚለካው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰር በቀዝቃዛ ሞተር ንባብ አለመስጠቱ ብልሽት አይደለም፤ የጭስ ማውጫው እርጥበት እስኪደርቅ ይጠብቃል።

ኮዱን ቸኩሎ መደምሰስ። ኮዱ ሲመዘገብ መኪናው በምን ፍጥነት፣ በስንት ዲግሪ እንደነበር አብሮ ተቀምጧል። ሳይጽፉት ካጠፉት መረጃው አብሮ ይጠፋል፤ መካኒኩም ከዜሮ ይጀምራል።

በመጨረሻም ሴንሰር መቀየር ግድ ከሆነ፣ ብዙ መኪኖች የአዲሱ ሴንሰር ዜሮ ንባብ የቱ እንደሆነ ለመኪናው ኮምፒውተር በማሽን ማስተማርን ይጠይቃሉ። ኮድ ማንበብ ብቻ የሚችል ርካሽ ማሽን ይህን አይሠራም፤ ጋራዡን ዕቃው ሳይገዛ ይጠይቁ።