ፍጡሩን ገደልከው፣ ችሎታው ግን አልሞተም

ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ በሚባለው የካርድ ጨዋታ ላይ ጭቅጭቅ ሲነሳ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ማን ቀደመ? እኔም ስጀምር ስንቴ ተከራክሬ ስንቴ እንደተሸነፍኩ አልነግርህም።

መጀመሪያ ካርዱን አንብብ። ጽሑፉ መሃል ሁለት ነጥብ ካለ፣ ከነጥቡ በፊት ያለው የምትከፍለው ዋጋ ነው፣ ቀጥሎ ያለው የምታገኘው። ይሄንን ችሎታ በተጋጣሚህ ተራም ቢሆን ስትፈልግ ታስነሳዋለህ። «ዌን»፣ «ዌንኤቨር» ወይም «አት» ብሎ ከጀመረ ግን በራሱ ይነሳል። እንደ መብረር ያለው ደግሞ ፍጡሩ (የሚዋጋልህ ካርድ) ሜዳ ላይ እስካለ ዝም ብሎ ይሠራል።

አሁን የወጣ ፍጡር ገና እንግዳ ነው። ተራህ ሲጀምር በአንተ ስር ካልነበረ አያጠቃም፣ ዋጋው ላይ የታፕ (ካርዱን አጋድሞ እንደተጠቀሙበት የማሳየት) ምልክት ያለበትንም ችሎታ አይጠቀምም። መከላከል ግን ይችላል። ስለዚህ ታፕ ሲደረግ ማና (ካርድ ለማውጣት የሚከፈል ኃይል) የሚሰጠውን ላኖዋር ኤልቭስን ዛሬ ብታወጣው ማናውን የምታገኘው በሚቀጥለው ተራህ ነው፤ 1 ጉዳት የሚያደርሰው ሞግ ፋናቲክ ግን ዋጋው ራሱን መሠዋት ብቻ ስለሆነ፣ የታፕ ምልክትም ስለሌለበት፣ በወጣበት ደቂቃ ልታፈነዳው ትችላለህ። «ሄስት» ያለው ፍጡር ይሄ ሁሉ አይመለከተውም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ተጫዋቾች ስታክ የሚሉት ነገር አለ፦ የተነሱ ችሎታዎችና የተጣሉ አስማቶች እስኪፈጸሙ የሚጠብቁበት ድርድር። ሞሶብ ላይ እንደተደራረበ እንጀራ አስበው፤ መጨረሻ የተዘረጋው መጀመሪያ ይነሳል። ተጋጣሚህ ፕሮዲጋል ሶርሰረር የሚባለውን ጠንቋይ ታፕ አድርጎ በላኖዋር ኤልቭስህ ላይ 1 ጉዳት ላከ እንበል። አንተ ተናደህ ጠንቋዩ ላይ ላይትኒንግ ቦልት (3 ጉዳት የሚያደርስ አስማት) ወረወርክ። ቦልቱ ከላይ ስለሆነ ቀድሞ ይፈጸማል፣ ጠንቋዩ ይሞታል። ኤልፍህስ? እሱም ይሞታል! ዋጋው ተከፍሏል፣ ችሎታው ስታክ ላይ ወጥቷል፣ ከዚያ በኋላ የባለቤቱ መኖር አለመኖር ለውጥ አያመጣም። የተወረወረ ድንጋይ ወርዋሪው ስለሞተ አየር ላይ አይቆምም።

ኤልፉን ማዳን ከፈለግክ ጠንቋዩን ተወው። ኤልፉን ታፕ አድርገህ አንድ አረንጓዴ ማና ውሰድ፤ የማና ችሎታ ስታክ ላይ ስለማይወጣ ማንም መሃል ሊገባብህ አይችልም። በዚያው ማና ጃይንት ግሮውዝ (+3/+3 የሚጨምር አስማት) ጣልበት። ጉልበቱና ጽናቱ 1/1 የነበረው 4/4 ይሆናል፣ ጉዳቷን ችሎ ይተርፋል። ለራሱ ማዳኛ ራሱ ከፈለ ማለት ነው፤ እኔ ከዚህ ጨዋታ በጣም የምወደው እንዲህ ያለውን ነው።

ውጊያ ላይም ያው ሰዓት ነው። አጥቂውን ታፕ አድርገህ ማስቀረት ከፈለግክ ውጊያው ሲጀመር፣ አጥቂዎች ሳይታወጁ አድርገው። ከታወጁ በኋላ ታፕ ብታደርገው ጥቃቱ ይቀጥላል። ተከላካዩን ከታወጀ በኋላ ብትገድለውም አጥቂህ እንደተከለከለ ይቆያል፤ «ትራምፕል» (ትርፍ ጉዳትን የሚያሳልፍ ችሎታ) ከሌለው ጉዳቱ ወደ ተጫዋቹ አያልፍም። አንዳንድ የድሮ ተጫዋች ደግሞ ሞግ ፋናቲክ በውጊያ 1 አድርሶ፣ ከዚያ ተሠውቶ ሌላ 1 ይጨምራል ይልሃል። እውነቱን ነው፣ ግን ያ የውጊያ ጉዳት ስታክ ላይ ይወጣ በነበረበት ዘመን ነው። በ2009 ቀርቷል። ዛሬ ከሁለቱ አንዱን ትመርጣለህ።

የሁለታችሁም ችሎታ እኩል ከተነሳ ተራው የማን እንደሆነ ተመልከት፤ የባለተራው መጀመሪያ ስታክ ላይ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ኋላ ይፈጸማል።

«ፍላሽ» ያለው፣ ማለትም በተጋጣሚህ ተራም ሊወጣ የሚችል ፍጡር በእጅህ ካለ ደግሞ አትቸኩል። ተጋጣሚህ ተራውን ሊጨርስ ሲል፣ በመጨረሻው ምዕራፍ አውጣው። ያንተ ተራ ሲጀምር ሜዳ ላይ ስለሚገኝ እንግድነቱ አልቋል፣ ወዲያው ያጠቃል።