ወንዝ ዳር ለሚከርም ቤተሰብ፦ ጎርፍ በሌሊት ቢመጣ ማንም ቤት ውስጥ እንዳይቀር

አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ወንዝ ዳር የሚኖር ቤተሰብ ጎርፍ መኖሩን ስለማያውቅ አይደለም የሚቆየው። ምክንያት አለው። ውሃው በሌሊት ሲገባ ሰውን ቤት ውስጥ የሚያስቀረውም ያው ምክንያት ነው። የወተት ላም ያላት ላሟን ጥላ አትወጣም። ካርታ የሌለው ሰው ቤቱን ባዶ ካሳደረ የሚመለስበት የሚያጣ ይመስለዋል። ተከራዩ ሌላ ቤት ለመያዝ ቅድሚያ ክፍያና የደላላ ያስፈልገዋል፤ ከልጆቹ ትምህርት ቤትና ከዕድሩም ይርቃል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከአሸዋ ከረጢት በፊት «እኛን እዚህ የያዘን ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ይጀምር። መልሱ የሆነውን ነገር ክረምቱ ሳይገባ ከጎርፉ መንገድ አውጡት።

የያዛችሁ ከብት ከሆነ ከፍ ያለ ግቢ ካለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ጋር በግንቦት ተነጋገሩ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላሟ እዚያ ትደር። ይህ ካልተቻለ በረት ውስጥ የምትታሰርበት ገመድ ጫፉ ሲሳብ ወዲያው የሚፈታ ቋጠሮ ይኑረው። የረጠበ ገመድ በጨለማ አይፈታም።

የያዛችሁ የይዞታ ስጋት ከሆነ ነዋሪነታችሁን የሚያሳየውን ሁሉ፣ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ፣ መታወቂያ፣ የልጆች ልደት ሰርተፍኬት፣ የዕድር ደብተር፣ አንድ ላይ ሰብስባችሁ በሁለት ድርብ ላስቲክ አስራችሁ በር አጠገብ ስቀሉ። ፎቶውን ደግሞ ሌላ ሰፈር ለሚኖር ዘመድ በቴሌግራም ላኩ። ቤት መጠበቅ ግድ ከሆነ ጠባቂው ከፍታው ላይ ሆኖ ይጠብቅ።

ተከራዮች ውላችሁን አስመዝግቡ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅም አይፈቀድም። ያልተመዘገበ ተከራይ ከጎርፍ በኋላ የተጎጂ ዝርዝር ሲሠራ እዚያ መኖሩን ማስረዳት ይቸግረዋል።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። መጀመሪያ ውሃው የት ድረስ እንደሚደርስ እወቁ። ያለፈውን የጭቃ መስመር ከአጥር ወይም ከጎረቤት ግድግዳ ፈልጉ፤ ሰፈሩ ውስጥ የቆዩትን ሽማግሌዎች ጠይቁ። መስመሩን ወደ ቤታችሁ ለማምጣት ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ፣ አንዱን ጫፍ ምልክቱ ላይ ሌላውን ግድግዳችሁ ላይ ያዙ። ውሃው እኩል የሚቆምበት ቦታ ልኩ ነው፤ ምስማር ምቱበት። በቱቦው ውስጥ አረፋ ካለ ልኩ ይሳሳታል። እህል፣ ፍራሽና ሶኬት ሁሉ ከምስማሩ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበሉ።

ጭቃ ቤት ከላይ ጠንካራ መስሎ ከታች ነው የሚወድቀው። የባሕር ዛፉን እንጨት ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በቢላ ውጉት፤ ቢላው በቀላሉ ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል፣ ይቀየር። ስሚንቶ በጭቃ ላይ ብቻውን ከተለሰነ ጭቃው እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ ይረግፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የዶሮ ሽቦ በምስማር አጥብቃችሁ ምቱ፣ ከዚያ አንድ እጅ ስሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ለስኑ። የበሩን ደፍ በአንድ ረድፍ ብሎኬት፣ 20 ሳ.ሜ. ያህል፣ ማሳደግ ትንሹን ጎርፍ ያስቀራል። ከዚያ በላይ ውሃን ውጭ ለማቆም አትሞክሩ፤ ውጭ የቆመው ውሃ የጭቃ ግድግዳን ገፍቶ ይጥላል።

ለትንሹ ጎርፍ ማዳበሪያ ከረጢት በአሸዋ ስትሞሉ ከግማሽ ትንሽ አሳልፉ እንጂ ጢም አታድርጉ። የሞላው ከረጢት ክብ ስለሚሆን በመሃል ክፍተት ይተዋል። አፉን አጥፋችሁ ከሥር አስተኙት፣ በእግር ርገጡት፣ ቀጣዩን ረድፍ እንደ ብሎኬት አጠላልፉ፣ በውሃው በኩል ላስቲክ አልብሱ። የክምሩ ግርጌ ስፋት ከቁመቱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሁን። ደረቅ የመረሬ አፈር ጓል ጓል ስለሚሆን አይመችም። በር ላይ የተከመረው ከረጢት ብቻውን ግን አይበቃም፦ የሽንት ቤቱንም ቀዳዳ በአሸዋ ከረጢት ድፈኑ፤ ውሃው በእሱ በኩል ይገባልና።

ቦይ ስትጠርጉ ከታች ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃውን የምትለቁት በታችኛው ጎረቤት ላይ ነው። የወጣው ደለል በዚያው ቀን ካልተነሳ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል።

ሰማይ አይታችሁ አትወስኑ። የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ከዚያ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ላይ የዘነበው እናንተ ጋ ጠብ ሳይል ይደርሳል፤ ለገዳዲ ግድብ ሞልቶ የሚያፈሰውም ወደ ታላቁ አቃቂ ወንዝ ነው የሚወርደው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰው የሞተው በተራራው ላይ የዘነበው ውሃ በሌሊት፣ ሰው በተኛበት ስለመጣ ነው። በላይኛው ሰፈር የሚደውልላችሁ ሰው ይኑር። በዕድራችሁ የሌሊት ተራ አውጡ። ማስጠንቀቂያው ፊሽካ ይሁን፤ ጥሩምባ ከሆነ ሰው ለቅሶ መስሎት ሊዘገይ ይችላል። ወንዙ ድንገት ከደፈረሰና ቅርንጫፍ ካመጣ፣ ወይም እየዘነበ ሳለ ባልታሰበ ሁኔታ ከቀነሰ፣ ፊሽካው ይነፋ። የቀነሰው ከላይ አንድ ቦታ ቆሻሻ ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ ሲፈነዳ አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ደረቅ መሬት ላይ ቆማችሁ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ፣ ልጆችና አረጋውያንን አስቀድሙ፣ ወደ አዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር፣ 939፣ ደውሉ። እግር ውሃ ከነካ በኋላ ቆጣሪ አይነካም፤ ጉልበት የደረሰ ፈጣን ጎርፍም አይሻገሩትም።

ውሃው ሲጎድል ከመግባታችሁ በፊት ግድግዳው ማዘንበሉንና ከግርጌ መሰንጠቁን ዞራችሁ እዩ። ጭቃውን ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ ሳይደርቅ በአካፋ አውጡ። በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ወለሉን እጠቡ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ግን አትቀላቅሉ። የአቃቂ ውሃ የፋብሪካ ፍሳሽና የሽንት ቤት ቆሻሻ ይዞ ነው የሚወርደው፤ የነካውን ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ፣ በጓሮ የተኛውንም ጎመንና ሰላጣ፣ ቢያሳዝንም ጣሉ።